ኤሌክትሪክ ሰፈር ያውቃል፦ በዲስትሪክት መምረጥን ለተቃወመው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አሜሪካ በምንኖር አማርኛ አንባቢዎች ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ የዞረ አንድ ጽሑፍ አለ። ጉዳዩ በየአካባቢው ያሉትን የመብራትና የውሃ ድርጅቶች የሚመሩት ቦርዶች እንዴት ይመረጡ የሚለው ነው። ይህ ምርጫ የድምፅ መስጫው ወረቀት ግርጌ ላይ ስለሚገኝ አብዛኞቻችን የተወዳዳሪዎቹን ስም እንኳ ሳናነብ እናልፈዋለን። ስለዚህ ጸሐፊው ማንሣታቸው ብቻውን ያስመሰግናቸዋል። መደምደሚያቸው ግን አልተዋጠልኝም።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። የቦርድ አባላት የሚመረጡት በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው እዚህ አት-ላርጅ የሚባለው ነው፤ ድርጅቱ የሚያገለግለው አካባቢ በሙሉ እንደ አንድ የምርጫ ክልል ይቆጠርና እያንዳንዱ መራጭ ለሁሉም ወንበሮች ድምፅ ይሰጣል። ሁለተኛው በዲስትሪክት ነው፤ አካባቢው በወንበሮቹ ቁጥር ልክ ይከፈልና እያንዳንዱ ክፍል የራሱን አንድ ሰው ብቻ ይመርጣል። አገር ቤት የተወካዮች ምክር ቤት አባል ከአንድ የምርጫ ክልል እንደሚመረጠው መሆኑ ነው። ባለፉት ዓመታት ብዙ ከተሞችና ድርጅቶች ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ተሸጋግረዋል። ጸሐፊው ሽግግሩን ይቃወማሉ።

ክርክራቸው ባጭሩ ሲጠቃለል፣ መብራትና ውሃ ሰፈር የማያውቁ ቴክኒካዊ ነገሮች ናቸው፤ በዲስትሪክት የተመረጠ ሰው ከሰፈሩ አጥር ውጭ አያይም፤ ዛሬ ለአምስት ሰው የሚመርጥ መራጭ ነገ ለአንድ ብቻ ይመርጣል፤ መሀል መንገድ ካስፈለገ ተወዳዳሪው ከዲስትሪክቱ ይሁን፣ ድምፁን ግን ሁሉም ይስጥ፤ እንደ እኛ ተበታትኖ ለሚኖር ስደተኛ ዲስትሪክት ምንም አይፈይድም፤ በዚያ ላይ ለውጡ የካርታ ሸፍጥና የጠበቃ ወጪ ይዞ ይመጣል። በተራ እሄድባቸዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

«ጉዳዩ ቴክኒካዊ ነው» ስለሚለው

ቮልቴጅና የቧንቧ ግፊት ዘርም ሰፈርም የላቸውም ይላሉ ጸሐፊው። እውነት ነው። ቦርዱ ግን ተሰብስቦ ስለ ቮልቴጅ አይመክርም፤ እሱን መሐንዲሶቹ ይጨርሱታል። ቦርድ ፊት የሚቀርበው ሌላ ነው። አዲሱ ማከፋፈያ ጣቢያ የት ይተከል? ያረጀው የውሃ መስመር ከየትኛው ሰፈር ጀምሮ ይቀየር? የማን ሽቦ መሬት ውስጥ ይቀበር፣ የማን በምሰሶ ላይ ይቆይ? ከከተማ ዳር ለሚሠሩት አዳዲስ ቤቶች የመስመር ዝርጋታውን ወጪ ገንቢው ይቻለው ወይስ ነባሩ ደንበኛ ይካፈለው? ቢል ያልከፈለ ቤተሰብ መብራቱ ከስንት ቀን በኋላ ይቆረጥ? እነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ አድራሻ አላቸው።

ለሁሉም እኩል የሚመስለው ታሪፍ እንኳ አድራሻ አለው። ቢላችሁን አውጥታችሁ ብታዩት ሁለት ነገር ታገኙበታላችሁ፤ ተጠቀማችሁም አልተጠቀማችሁም በየወሩ የሚመጣ ቋሚ ክፍያ፣ ከዚያም በተጠቀማችሁት ልክ የሚሰላ ክፍያ። ቦርዱ ተጨማሪ ገቢ ሲያስፈልገው ቋሚውን ከፍ ካደረገ፣ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ትንሽ የሚጠቀመው ሰው ከጠቅላላ ቢሉ አንጻር ጭማሪው ይከብደዋል፤ መዋኛ ገንዳና ሰፊ ግቢ ያለው ግን እምብዛም አይሰማውም። ጭማሪውን በኪሎዋት ሰዓት ላይ ካደረገው ነገሩ ይገለበጣል። (ሁልጊዜም አይደለም። ብርድ በሚያስገባ አሮጌ ቤት በኤሌክትሪክ እየሞቀ ብዙ ልጆች የሚያሳድግ ሰው በሁለተኛውም ይጎዳል። ለዚህም ነው ውሳኔው የፖለቲካ ውሳኔ የሚሆነው።) አፓርታማዎቹ በአንድ ወገን፣ ሰፋፊዎቹ ቤቶች በሌላ ወገን በሚገኙባቸው ከተሞች የታሪፍ ክርክር የሰፈር ክርክር መሆኑ አይቀርም።

ክርክሩ አዲስም አይደለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአሜሪካ ከተሞች ተሐድሶ አራማጆች ከተማን ማስተዳደር የባለሙያ እንጂ የሰፈር ሥራ አይደለም እያሉ በሰፈር መምረጥን በአት-ላርጅ ይተኩ ነበር። ፒትስበርግ በ1911 እንዲህ አደረገች። የሰፈር አለቆቹ ሌቦች እንደነበሩ አልክድም፤ ብዙዎቹ ነበሩ። ግን ሌቦቹን ለማስወጣት በተዘጋው በር ከሠራተኛ ሰፈሮች የሚመጡት ተመራጮችም አብረው ቀሩ። ፒትስበርግ ራሷ በ1980ዎቹ መጨረሻ ወደ ዲስትሪክት ተመልሳለች።

ቴክኒካዊ ብቃት ይጎዳል የሚለውን ደግሞ ያሉት ድርጅቶች ራሳቸው ይመልሱታል። የሳክራሜንቶ የመብራት ድርጅት ስሙድ ሰባት የቦርድ አባላት አሉት፤ ሁሉም የሚመረጡት በየዲስትሪክታቸው ነው። የሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤን ምሥራቃዊ ዳርቻ ውሃ የሚያጠጣው ኢስት ቤይ ሙድም እንዲሁ ሰባት አሉት፣ በዲስትሪክት። ነብራስካ ኤሌክትሪኩ በሙሉ በሕዝብ ድርጅቶች የሚቀርብባት ብቸኛዋ ግዛት ናት፤ የኦማሃው ድርጅት ስምንት የቦርድ አባላት ከስምንት ክፍሎች ለስድስት ዓመት ይመረጣሉ። ከእነዚህ አንዱም በምርጫው ምክንያት መሐንዲስ አጥቶ አልጨለመም።

የሰፈር ጠባቂነት

ጸሐፊው በዲስትሪክት የተመረጠ ሰው ሁሉም የሚፈልገውን ነገር የእኔ ሰፈር ላይ አይሁን እያለ ያደናቅፋል ሲሉ የሚያስፈራ ነገር እያነሡ ነው፤ አላቃልለውም። ማይክል ሃንኪንሰንና አስያ ማጋዚኒክ የተባሉ ተመራማሪዎች ወደ ዲስትሪክት የተሸጋገሩ የካሊፎርኒያ ከተሞችን አጥንተው፣ ከሽግግሩ በኋላ የሚፈቀደው የቤት ግንባታ ቁጥር እንደቀነሰ አሳይተዋል። ጸሐፊው ጥናቱን ቢያውቁት ኖሮ በደስታ ይጠቅሱት ነበር።

ግን ያው ጥናት ሌላም ነገር ይላል። በአት-ላርጁ ዘመን አዳዲሶቹ ብዙ ቤት ያላቸው ሕንፃዎች ይወረወሩ የነበረው አናሳዎቹ ወደሚኖሩባቸው ሰፈሮች ነበር። በዲስትሪክት ሲመረጥ ክፍፍሉ ተስተካከለ። ሥራው ቀድሞ ይቀላጠፍ የነበረው ሸክሙ በቦርዱ ወይም በምክር ቤቱ ሰው በሌለው ወገን ላይ ስለሚራገፍ ነበር ማለት ነው። ከቤት ይልቅ ማከፋፈያ ጣቢያ ወይም የፍሳሽ ማጣሪያ አስቡ፤ አመክንዮው አይለወጥም። ፍጥነቱ መቀነሱ ኪሳራ ነው፤ እቀበላለሁ። ኪሳራውን እስከ ዛሬ ማን ብቻውን ሲከፍል ቆየ የሚለውን ግን ጸሐፊው አልጠየቁም።

ደግሞስ «ለሁሉም» የተመረጠ ሰው ሰፈር የለውም ያለው ማነው? እሱም ቤት አለው፣ ጎረቤት አለው፣ መብራት ሲጠፋበት የሚያማርር ሰው በሩን ያንኳኳበታል። በአት-ላርጅ ምርጫ አምስቱም የቦርድ አባላት ከአንድ ወገን ሊመጡ ይችላሉ። እንዲህ ሲሆን የሰፈር አመለካከቱ አምስት ቦታ ይቀመጣል፤ ስሙ ብቻ የጋራ ጥቅም ይባላል።

አምስት ድምፅ ወይስ አንድ?

ይህኛው ክርክር በመጀመሪያ ሲሰሙት ያሳምናል። ለአምስት ሰው የምመርጥ ከሆነ አምስቱም ይፈሩኛል፤ ለአንድ ብቻ ከመረጥኩ አራቱ ምን ገዷቸው?

ሒሳቡን እንሥራው። አንድ መቶ ሺህ መራጭ፣ አምስት ወንበር አለ እንበል። ሃምሳ አምስት ሺው አንድ ዓይነት ፍላጎት አለው፣ አርባ አምስት ሺው ሌላ። በአት-ላርጅ ሃምሳ አምስት ሺው የመጀመሪያውን ወንበር ይወስዳል። ሁለተኛውንም ይወስዳል። አምስተኛውንም። አርባ አምስት ሺው ሰው አምስት ድምፅ አለህ ተብሎ አምስት ጊዜ ይሸነፋል። አምስቱ ተመራጮች ይፈሩታል የተባለው መራጭ፣ አምስቱም ያለ እሱ ድምፅ መመረጥ እንደሚችሉ የሚያውቁት ሰው ነው።

ይህን ሒሳብ ከማንም በላይ ጠንቅቀው ያወቁት የደቡብ ግዛቶች ሕግ አውጪዎች ናቸው። የ1965ቱ የመምረጥ መብት ሕግ ወጥቶ ጥቁሮች መመዝገብ ሲጀምሩ፣ ሚሲሲፒ በማግሥቱ ዓመት የካውንቲ ቦርዶች ከዲስትሪክት ወደ አት-ላርጅ እንዲዞሩ የሚፈቅድ ሕግ አወጣች። በሰፈራቸው ብዙኃን የሆኑት ጥቁሮች በካውንቲው ስፋት አናሳ ይሆናሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1969 እንዲህ ያለው ለውጥ ያለ ፌዴራል ፈቃድ ሊተገበር አይችልም አለ፤ ድምፅ መስጠትን በመከልከል ብቻ ሳይሆን ድምፅን በማቅጠንም መብት እንደሚነካ አስረዳ። በአላባማ የሞቢል ከተማ ከ1911 ጀምሮ ሦስት ኮሚሽነሮቿን በአት-ላርጅ ትመርጥ ነበር። ጉዳዩ በ1980 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ከሳሾቹ ሆን ተብሎ መደረጉን አስረዱ ተባሉ። ኮንግረስ በ1982 ሕጉን አሻሽሎ ውጤቱን ማሳየት ይበቃል አለ። ሞቢልም በ1985 ወደ ሰባት ዲስትሪክት ዞረች።

ሁሉም አት-ላርጅ በተንኮል የተፈጠረ ነው እያልኩ አይደለም። ብዙው የተፈጠረው በልማድ ነው፤ ሒሳቡ ግን በልማድ ለመጣውም በተንኮል ለመጣውም እኩል ይሠራል።

መሀል መንገዱ

ከጽሑፉ ሁሉ ብዙ አንባቢ ያሳመነው ይህ ክፍል ይመስለኛል፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። አካባቢው በዲስትሪክት ይከፈል፣ ተወዳዳሪው የዚያ ዲስትሪክት ነዋሪ ይሁን፣ ድምፁን ግን ሁሉም ይስጥ ይላሉ። እንዲህ ሲሆን ሰፈሩም ሰው ያገኛል፣ ተመራጩም ተጠሪነቱ ለሁሉም ይሆናል።

አንድ ወንበር የማን እንደሆነ የሚታወቀው ግን የተቀመጠበት ሰው የት እንደሚያድር በመጠየቅ አይደለም። ማን ሊያነሣው ይችላል ብሎ በመጠየቅ ነው። ተመራጩ የሚኖረው በእኛ ሰፈር ሆኖ የሚመርጡትም የሚሽሩትም ሌሎች ከሆኑ፣ ሰፈራችን ያገኘው ነዋሪ እንጂ ተወካይ አይደለም።

በዋሽንግተን ግዛት ያለችው ያኪማ ይህንኑ መሀል መንገድ ለአሥርት ዓመታት ሞክራዋለች። ከሰባቱ የከተማ ምክር ቤት ወንበሮች ለአራቱ ተወዳዳሪው የዲስትሪክቱ ነዋሪ መሆን ነበረበት፤ የመጀመሪያው ዙርም በዲስትሪክቱ ውስጥ ብቻ ይካሄድ ነበር። የመጨረሻው ዙር ግን በመላ ከተማው ነበር። የቀሩት ሦስቱ ከነአካቴው አት-ላርጅ ነበሩ። ከነዋሪዋ 40 በመቶ ያህሉ ላቲኖ በሆነባት በዚህች ከተማ፣ በዚህ ሥርዓት አንድም ላቲኖ ለምክር ቤቱ ተመርጦ አያውቅም ነበር። በ2014 የፌዴራል ዳኛ ሥርዓቱ የመምረጥ መብት ሕጉን ይጥሳል ብሎ ወሰነ። በቀጣዩ ዓመት በሰባት ዲስትሪክት ምርጫ ሲደረግ ሦስት ላቲና ሴቶች ተመረጡ። ሕዝቡ ያው ነበር፤ የተቀየረው ቆጠራው ነው። የያኪማን ውሃና ፍሳሽ የሚያስተዳድረውም ይኸው ምክር ቤት ስለሆነ ምሳሌው ከርእሳችን ሩቅ አይደለም።

ጸሐፊው ለዚህ መንገድ ማስረጃ ያደረጉት የዋሽንግተን ግዛት የመብራት ድርጅቶችን ነው፤ በ1930 ሕዝቡ ባጸደቀው ሕግ የተፈቀዱትን። በእነዚህ ድርጅቶች መደበኛ ሥርዓት ኮሚሽነሩ በዲስትሪክቱ ይታጭና በመላው አካባቢ ይመረጣል። ድርጅቶቹ በርካሽ ኃይል የታወቁ ናቸው፣ እውነት ነው። ርካሽነቱ ግን የመጣው ከኮሎምቢያ ወንዝ ግድቦች ነው፤ ከድምፅ አሰጣጡ አይደለም። እንዲያውም ግዛቱ በ2018 የራሱን የመምረጥ መብት ሕግ ሲያወጣ እነዚህን የመብራት ድርጅቶች በስም ጠርቶ አካቷቸዋል። ከነቀፋ የጸዱ ቢሆኑ ለምን ይጠራቸው ነበር?

ሁለተኛው ማስረጃቸው ጆርጂያ ነው፤ እሷ ደግሞ ትንሽ ማብራሪያ ትፈልጋለች። የጆርጂያ የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን ድርጅት የሚመራ ቦርድ አይደለም፤ የመብራት ኩባንያውን የጆርጂያ ፓወርን ታሪፍ የሚወስን ተቆጣጣሪ ነው። አምስት ኮሚሽነሮች አሉት። እያንዳንዱ ከተወሰነለት ዲስትሪክት መምጣት አለበት፣ የሚመርጠው ግን የግዛቱ ሕዝብ በሙሉ ነው። ፉልተን፣ ዲካልብና ክሌይተን ካውንቲዎችን የያዘው ዲስትሪክት 3፣ ብዙ ሐበሻ የሚኖርበት ማለት ነው፣ የራሱን ኮሚሽነር ብቻውን መምረጥ አይችልም። ከግዛቱ ሕዝብ ሲሶ ያህሉ ጥቁር ሆኖ፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት እስኪደርስ ድረስ ለኮሚሽኑ ተወዳድሮ ያሸነፈ ጥቁር ዴቪድ በርጀስ ብቻ ነበር፤ እሱም በ1999 በአገረ ገዥው ተሹሞ፣ በ2000 ተመርጦ፣ በ2006 ተሸነፈ። በነሐሴ 2022 የፌዴራል ዳኛው ስቲቨን ግሪምበርግ ሥርዓቱ የጥቁሮችን ድምፅ ያቀጥናል ብሎ ወሰነ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2023 ውሳኔውን ሻረው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2024 ጉዳዩን ለማየት ፈቃደኛ ሳይሆን ቀረ።

ጸሐፊው በኅዳር 2025 የሆነውን ያነሣሉ። ሁለት ዴሞክራቶች ፒተር ሃባርድና አሊሺያ ጆንሰን በመላ ግዛቱ በሰፊ ልዩነት አሸነፉ፤ ጆንሰን ለኮሚሽኑ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናቸው። እንግዲህ አት-ላርጅ ይሠራል ማለት አይደለም ወይ ይላሉ። ከዚያ በፊት የሆነውን ግን ዘለውታል። ሰዉ ቢል እየጨመረበት አንገሽግሾት ነበር። 14 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ይፈጃሉ ተብለው የተጀመሩት ሁለቱ የቮግትል ኑክሌር ማመንጫዎች ከ30 ቢሊዮን በላይ ወስደው በ2023 እና በ2024 ሥራ ሲጀምሩ ወጪው ወደ ደንበኛው ቢል ወርዷል። በክሱ ምክንያት የ2022 እና የ2024 ምርጫዎች ሳይካሄዱ ቀርተው የሥራ ዘመናቸው ያበቃ ኮሚሽነሮች ወንበራቸው ላይ ቆይተዋል። (ለመዘግየቱ ከሳሾቹን የሚወቅስ አለ፤ ይውቀስ።) ያ ምርጫ የሚያሳየው ብዙኃኑ ሲቆጣ ሁሉንም ወንበር ማንቀሳቀስ እንደሚችል ነው። በእሱ ማንም አልተከራከረም። ጥያቄው ብዙኃኑ ባልተቆጣባቸው ዓመታት ቢሉ የከበደው ሰፈር ስንት ድምፅ በጠረጴዛው ዙሪያ አለው የሚለው ነው።

ለእኛ ለስደተኞች

እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሹን ልክ ናቸው። የኢትዮጵያውያን ዲስትሪክት የሚባል ነገር አይኖርም። ተበታትነን ነው የምንኖረው፤ በጣም በምንበዛባቸው ከተሞች እንኳ የአንድ ዲስትሪክት ብዙኃን ልንሆን አንችልም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1986 ባስቀመጠው መስፈርት፣ ድምፄ ቀጠነብኝ ብሎ የሚከስ ወገን አንድ ዲስትሪክት የሚሞላ ብዛትና አንድ ላይ የሰፈረ ነዋሪ እንዲኖረው ይጠየቃል። የጄሲካ ትራውንስታይንና የሜሎዲ ቫልዲኒ የ2008 ጥናትም ዲስትሪክት የሚጠቅመው ብዛት ያለውንና በአንድ ቦታ የተሰበሰበውን ቡድን እንደሆነ፣ ለሁሉም አናሳ በአንድ ልክ እንደማይሠራ አሳይቷል።

ያላነሡት ግማሽ ግን ይኸውና። በአት-ላርጅ ምርጫ የሚቆጠረው ድምፅ የሰጠ ሰው ብቻ ነው። ዜግነት ያላገኘው፣ አሥር ዓመት ቢል ሲከፍል የኖረው የግሪን ካርድ ባለቤት ለዚያ ቦርድ የለም። ልጆቹም የሉም። ዲስትሪክት ሲሣል ግን ክፍሎቹ እኩል የሚደረጉት በአብዛኛው በጠቅላላ ነዋሪ ቁጥር ነው፤ በመራጭ ቁጥር አይደለም። ይህ ከቴክሳስ ተነሥቶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በ2016 ዳኞቹ ያለ ልዩነት በጠቅላላ ነዋሪ መቁጠር እንደሚቻል ወስነዋል። ውጤቱን አስቡት። ብዙ ስደተኛና ብዙ ሕፃን ያለበት የአፓርታማ ሰፈር፣ የተመዘገበ መራጩ ትንሽ ቢሆንም፣ ሙሉ ወንበር ያገኛል። እዚያ ዜግነት ያገኙት ጥቂቶች ድምፅ ሲሰጡ ያልመረጡት ጎረቤቶቻቸው ክብደትም አብሯቸው አለ። አት-ላርጅ ያንን ሰፈር የሚያውቀው በቆጣሪው ብቻ ነው።

የምርጫ ዘመቻ ወጪም አለ። በመላ ካውንቲ የሚወዳደር ሰው ፖስታ መላክ፣ ማስታወቂያ መግዛት አለበት፤ ገንዘብ ያለው ወይም ገንዘብ ያላቸው የሚደግፉት ሰው ነው የሚችለው። አንድ ዲስትሪክት ግን በእግር ይዳረሳል። ታክሲ የሚነዳ፣ በሆስፒታል ፈረቃ የሚሠራ ሰው ቅዳሜና እሑድ በር እያንኳኳ ሊጨርሰው ይችላል።

ጸሐፊው ተበታትነን ከሆነ በአት-ላርጅ ሚዛን ደፊ ብንሆን ይሻለናል ይላሉ። ሚዛን የሚደፋ ትንሽ ቡድን የሚፈለገው ውድድሩ ሲቀራረብ ነው። ማንም ዞር ብሎ በማያየው፣ አንዳንዴም ተቀናቃኝ በሌለበት የቦርድ ምርጫ ሚዛኑ ቀድሞ የተደፋ ነው።

የተበታተነን ወገን በእውነት የሚጠቅም ሥርዓት ከተፈለገ እርግጥ ሌላ አለ፤ ጸሐፊው እሱን ቢያነሡ ኖሮ ብዙም አንለያይም ነበር። የማሳቹሴትሷ ካምብሪጅ ከ1941 ጀምሮ የምክር ቤት አባላቷን በተመጣጣኝ ውክልና ትመርጣለች፤ መራጩ ተወዳዳሪዎቹን በቅደም ተከተል ያሰልፋል፣ ወንበሮቹም ለየወገኑ እንደየድምፁ ይደርሳሉ። የኦሪገኗ ፖርትላንድ በ2024 በአራት ዲስትሪክቶች ከእያንዳንዱ ሦስት ሰው በዚሁ ዘዴ መርጣለች። በአላባማ የቺልተን ካውንቲ ከ1988 ጀምሮ መራጭ ያሉትን ድምፆች በሙሉ ለአንድ ሰው እንዲያከማች ፈቅዳለች። አማራጩ ዛሬ ባለው አት-ላርጅና በዲስትሪክት መካከል ብቻ ሆኖ ከቀረበልኝ ግን ዲስትሪክቱን እወስዳለሁ።

ለጸሐፊው ያመለጣቸውን አንድ ማስረጃ ልስጣቸው። በአሪዞና የሶልት ሪቨር ፕሮጀክት የኤሌክትሪክ ድርጅት ቦርድ 14 አባላት አሉት። አሥሩ የሚመረጡት በዲስትሪክት ነው፤ ግን መራጩ በያዘው መሬት ስፋት ነው ድምፅ የሚሰጠው፣ ብዙ ኤከር ያለው ብዙ ድምፅ አለው። በአንድ ባለርስት አንድ ድምፅ የሚመረጡት አራቱ አት-ላርጅ ወንበሮች ናቸው። ተከራይ በሁለቱም የለበትም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1981 በመሬት ስፋት መምረጥን ተቀብሎታል። እዚያ ከዲስትሪክቱ ይልቅ አት-ላርጁ ለሰው ይቀርባል። ዲስትሪክት የሚለው ቃል መጻፉ አይበቃም፤ በውስጡ የሚቆጠረው ሰው ነው ወይስ መሬት ነው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ካርታና ጠበቃ

የካርታ ሸፍጥ ስጋቱ ትክክል ነው። ካርታም ያረጃል፤ የሞንታና የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን ዲስትሪክቶች ከ2003 ጀምሮ ሳይከለሱ ቆይተው የነዋሪዎቹ ቁጥር እጅግ ስለተራራቀ በ2022 የፌዴራል ፍርድ ቤት ለምርጫው አዲስ ካርታ ሰጥቷል። ከዚህ የሚወጣው ግን ካርታው ከየሕዝብ ቆጠራው በኋላ ይከለስ፣ የሚሥሉትም ወንበሩ ላይ ያሉት አይሁኑ የሚል ነው።

ስለ ጠበቃ ወጪ የጠቀሷቸው ቁጥሮች ልክ ናቸው፤ በአት-ላርጅ ምርጫቸው የተከሰሱት የካሊፎርኒያ ከተሞች ሞዴስቶ 3 ሚሊዮን፣ ፓምዴል 4.5 ሚሊዮን ዶላር ለከሳሾች ወገን ከፍለዋል። ሁለቱም የከፈሉት ተከራክረው ነው። የካሊፎርኒያ ሕግ ከ2016ቱ ማሻሻያ በኋላ፣ ማስጠንቀቂያ ደርሶት በተወሰነለት ጊዜ ውስጥ በፈቃዱ ወደ ዲስትሪክት የሚዞር አካል ለጠያቂው ወገን የሚከፍለውን በ30,000 ዶላር ወስኗል፤ ገንዘቡ ከኑሮ ውድነት ጋር ከፍ ይላል። ያው ሕግ ካርታ ከመሣሉ በፊት ቢያንስ ሁለት፣ ረቂቁ ከወጣ በኋላም ቢያንስ ሁለት ሕዝባዊ ስብሰባ እንዲደረግ ያስገድዳል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሰፈሬ ከየት እስከ የት ነው የሚባልባቸው ናቸው፤ የትኛው የአፓርታማ ሕንፃ ከየትኛው ጋር ይቆጠር፣ መንገዱ ይክፈለው ወይስ አይክፈለው የሚለው የሚነገረው እዚያ ነው። በእነዚህ ስብሰባዎች ተነሥቶ ለመናገር ዜግነት አይጠየቅም።